ሳይቆረጥ የመጣው ፋክስ

ኤስንስ፣ ማርች 14 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለፍራውኬ፣

የካናዳው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። አራት ቀን ስልክ ያላነሳሁት በምክንያት ነውና ሳትጨርሺ እንዳትቆጪኝ።

ባለፈው ወር የዶክተር ያርክስ ክሊኒክ ስልክ ከድሮው የመዳብ መስመር ወጥቶ በኢንተርኔት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከላቦራቶሪ የሚላክላቸው ፋክስ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይቆረጣል። ጸሐፊዋ ጌሼ ለስልክ ድርጅቱ ብትደውል "መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ማሽኑን ጣሉት" አሏት። በመጨረሻ እኔ ደጃፍ ከች አለች።

"ኤኖ፣ አርባ ዓመት ስልክ ስትጠግን ኖረሃል። ወይ ጠግንልኝ፣ ወይ ወረቀቱን በብስክሌት እየሄድክ አምጣልኝ!"

"ማሽኑ ምን በደለ? መንገዱ ነው የከፋው" አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ድምፅን ቆራርሶ ይልካል። ሰው ሲያወራ አንዲት ቁራሽ ብትጠፋ ጆሮ ራሱ ይሞላታል፤ ፋክስ ግን ምሕረት አያውቅም፤ አንዲት ከጎደለችው ይቆማል። ስለዚህ ማሽኑን በቀጥታ ኢንተርኔቱን ከሚያስገባው ሞደም ጋር አገናኘሁት፣ ፍጥነቱንም ቀነስኩ። ከዚያ ለስልክ ድርጅቱ ደውዬ፣ ፋክሱን እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ፋክስ የሚያሳልፈውን አሠራር እንዲከፍቱልኝ ጠየቅሁ።

"እንደሱ ያለ ነገር የለንም፣ ጌታዬ" አለኝ ስልክ ያነሳው ሰውዬ።

"አላችሁ። ካንተ በላይ ያለውን አቅርብልኝ።"

ነበራቸው!

አርብ ጠዋት ላቦራቶሪው ተቆርጦ የቀረውን ሁሉ እንደገና ላከ። አሥራ ሁለት ገጽ፣ አንድም ሳይጎድል ወጣ። ጌሼ አጨበጨበች። ከዚያ ዘጠነኛውን ገጽ አንስታ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ኤኖ፣ እስቲ ተቀመጥ።"

"ምነው?"

"ይሄ ያንተ ደም ነው።"

ሰኞ ዕለት ለምርመራ የሰጠሁት ነበር። ለካ አዲሱ የግፊት ኪኒኔ ደሜ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ልብ እስከሚያቆም ድረስ ከፍ አድርጎታል። ጌሼ ወረቀቱን ለዶክተር ያርክስ ወስዳ ሰጠች፤ ዶክተሯም እንደያዘችው ከክፍሏ እየሮጠች ወጣች።

"መሣሪያዬን ልሰብስብና..." አልኳት።

"መሣሪያው ይቆይ፣ አምቡላንስ ጠርቻለሁ! ቅዳሜና እሁድን ይህን ኪኒን ሲውጡ ቢቆዩ ኖሮ ሰኞ አናገኝዎትም ነበር።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንት መስመር አስተካክያለሁ፤ በአንዱም በኩል የራሴ ነፍስ ትመጣለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትናንት ከሆስፒታል ወጣሁ። ልቤ አሁን እንደ ሰዓት ትመታለች። የተኛሁበት ዋርድም ፋክስ ይቆራረጥ ነበርና አስተካክዬላቸው ነው የወጣሁት፤ ነርሶቹ አሁንም ይስቁብኛል። ስለዚህ ሥራሽን ትተሽ እንዳትመጪ። ምንም አልጎደለኝም፤ ጌሼም የአተር ሾርባ ታመላልስልኛለች።

ዛሬ ጠዋት ያንቺን ክፍል ማሞቂያ ከፈትኩት። ቤት ሲዘጋ ይሻግታል ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። አልጋውንም አንጥፌዋለሁ።

ባሕሩን በልክ ያቆመ አምላክ አንቺንም በሄድሽበት ይጠብቅልኝ።

አባትሽ ኤኖ