በጠርሙስ ላይ ሊለጠፍ ስለነበረው ፎቶ

ውድ ጋሽ ፈቃደ፣

እንደምን ሰነበቱ? ለጠየቁኝ ነገር መልሴ ዘገየ። በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፅዎን ከሰማሁ እሸነፋለሁ፤ ከእርስዎ ጋር እጅ አውጥቶ መጠየቅ እንጂ መከራከር አልለመድኩም። ስለዚህ ከወልቂጤ ይህን ጻፍኩ።

ከሥራው ልጀምር። በመጠጥ ጠርሙስ ላይ ምን ዓይነት የጤና ማስጠንቀቂያ ቢለጠፍ ሰው ልብ ይላል የሚለውን ጠይቀን እንድንመጣ ከጤና ቢሮው ታዝዘን ነበር። “አገርሽ ነው” ብለው ቡታጅራን ለእኔ ሰጡኝ። መጠጥ ቀምሳ የማታውቅ ባለሂጃብ ግሮሰሪ ለግሮሰሪ ስትዞር ያስቡት! ኪዱ ግሮሰሪ ስገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ጠርሙሱን ከጠረጴዛ ስር ከተተ። አንዱማ አረፋው ጢሙ ላይ እያለ “እህቴ፣ ለስላሳ ነው” አለኝ። ጠዋት ናሙናውን ለጥፌ የሰጠሁትን ቢራ ደግሞ ባለቤቱ ኪዱ እንዲቀዘቅዝለት ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎት፣ ማስጠንቀቂያው ተላቆ ይንሳፈፍ ነበር።

“ጠርሙሳችሁን አውጡ! ልጅቷ ለሥራ ነው የመጣችው” ብለው ከጥግ የተነሱት እርስዎ ነበሩ። ድምፅዎን አወቅኩት፤ መልክዎን ግን ወዲያው አልለየሁትም። ዓይንዎ ቢጫ ሆኗል፣ ክንድዎ ሰልሏል፣ ሆድዎ ተነፍቷል። የጤና ባለሙያ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም፤ እንደ ልጅ ደነገጥኩ።

ስለ ጉበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አሥረኛ ክፍል ሳለን አንድ ጉበት ከሙስሊም ልኳንዳ፣ አንድ ከክርስቲያን ልኳንዳ ገዝተው በሁለት ሳህን ይዘው ገቡ፤ ማንም ልጅ ሲነካ እንዳይሳቀቅ። “ጉበት ቻይ ነው፤ ችሎ ችሎ ነው የሚወድቀው” አሉን። ያኔም እንደሚጠጡ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይናገርዎታል?

ከግሮሰሪው ቤትዎ ወሰዱኝ። ባለቤትዎ እትዬ አሰገደች ሐኪሙ ወደ አዲስ አበባ የጻፈልዎትን ሪፈር አውጥተው አሳዩኝ። መጠጡን ካቆሙና ቶሎ ሕክምና ከጀመሩ ተስፋ አለ ተብሏል። እርስዎ ወረቀቱን ዞር ብለውም አላዩት። ሸሚዝዎን ገልበው “አንሺኝ” አሉ።

“ምን ላደርገው ጋሼ?”

“ጠርሙሱ ላይ ለጥፉታ! ጽሑፍማ ማን ያነባል? የዚህ አገር ጠጪ ግማሹ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እኔን ሲያይ ይገባዋል።”

“ሕክምናውስ?”

“መጀመሪያ ፎቶው ይውጣ። ድኜ ብገኝ ማን ያምነኛል?”

እትዬ አሰገደች በሩን ተደግፈው “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው” አሉ። አነሳሁዎት። ፎቶው ጥሩ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ስብሰባ ነበር። የነጋዴዎቹ ተወካይ፣ ሥዕል ገበያ ያበላሻል አሉ። ባልደረባዬ ሰማን ደግሞ “አረቄው የሚሸጠው በሃይላንድ ነው፤ ምኑ ላይ ልንለጥፍ ነው?” ብሎ አሳቀን። የእርስዎ ፎቶ ሲታይ ሳቁ ቆመ። ሰብሳቢያችን አቶ ምስጋና “ይሄ ነው! ሰውየው ይፈርሙና እንላከው” አሉ። ሰውየው ታክመው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

በማግስቱ እትዬ አሰገደች ደወሉ። አሁንም እየጠጡ ነው። ሲቆጡዎት “ይሄኛው ካልተወደደ ሌላ እነሳለሁ፤ ያኔ ደግሞ የባሰ ይታያል” ማለትዎን ነገሩኝ። ጋሽ ፈቃደ፣ ለእርስዎ ከመታከም ማስተማር ቀሎዎታል። በጣም ተናደድኩብዎ። ፈራሁልዎትም።

መልሴ ይኸው፦ ፎቶውን ከስልኬም ከቢሮው ኮምፒውተርም አጥፍቼዋለሁ። ለአቶ ምስጋና “ሰውየው ሐሳባቸውን ቀየሩ” አልኳቸው፤ ዋሸሁ። ያ ፎቶ ምናልባት አሥር ሰው፣ ምናልባት መቶ ሰው ይመልስ ነበር። የተቀጠርኩት ለእነሱ እንዳስብ ነው፤ በዚህኛው ግን ሥራዬን አልሠራሁም፤ አልጸጸትምም። ማስጠንቀቂያው ጎላ ብሎ እንዲጻፍ፣ ሥዕልም እንዲኖረው ከማንም ጋር እከራከራለሁ። በእርስዎ ሆድ ግን አይሆንም።

ሰኞ ጠዋት ቡታጅራ ነኝ። ሪፈሩን እትዬ አሰገደች ይይዛሉ፤ እኔ መናኸሪያ ቦታ ይዤ እጠብቅዎታለሁ። መቆጣት መብትዎ ነው፤ እስከ አዲስ አበባ ድረስ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ። ተቆጥተውም ቢሆን ይሳፈሩ።

ተማሪዎ
ፈትሂያ አብዱልሃፊዝ
ወልቂጤ