ያልዛገው ፌሮ

ኅዳር 9። ረግረጉ ዛሬ ገማ።

ወንድሜ በያጁ፣ እዚህም እንደ እኛ ሰፈር የደረቀውን ረግረግ ለመመለስ ውሃውን የሚያፈሰውን ቦይ ደፍነውታል። ጠዋት ከአፈር ተመራማሪዋ ጋር እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገባሁ። የገማ እንቁላል ሽታ ሲመጣ አፍንጫዬን ያዝኩ። እሷ ሽቶ እንደሚመርጥ ሰው ደጋግማ አሸተተችና «እሰይ» አለች።

«ምኑ ነው እሰይ?»

«ጭቃው ውስጥ አየር የለም ማለት ነዋ። ረግረግ ሲመለስ እንዲህ ይሸታል። ግን አፍንጫ አይታመንም፤ ፌሮ ይመስክር።»

ከወር በፊት የተከለችውን ዘንግ ነቀለችው። ከጭቃው በላይ የነበረው ዝጓል፤ ከታች ያለው ዝገት አልነካውም። አየር በሌለበት ብረት አይዝግም፤ ይህን ለአንተ አልነግርህም።

ጎረቤቶቻችን ሽታው መሯቸው በዚህ ሰሞን ቦዩን ሊከፍቱት ነው ብለሃል። ከከፈቱት የሁለት ዓመት ልፋትህን ውሃ በላው። አንድ ወር እንዲታገሱህ ለምናቸው። ፌሮ ከአንተ ቤት አይጠፋም፤ ያልዛገ መርጠህ ትከልና ሰው ሰብስበህ ንቀለው። እታችም ከዛገ ግን እነሱ ልክ ናቸው፤ አትከራከር።

ለእትዬ ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ይህን የምጽፈው ለተመራማሪዋ ፌሮ እያስቆረጥኩ፣ ብረት መሸጫው ባንኮኒ ላይ ነው። ባለሱቁ መጋዙን አቁሞ ጫማዬን ያያል። «ሰውዬ፣ ምን ረግጠህ ነው የመጣኸው?» አለኝ። «እሰይ በል» ስለው በሩን አሳየኝ። ፌሮው ተቆርጦ ሳያልቅ ልውጣለት።