መድኃኒት ያልነካው ክሪስታል

ካምፒናስ፣ ጁላይ 8

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እንደምን ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ጎንሽን የሚወጋሽ ነገር ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ኦዳይርስ፣ ያ ግትር ባልሽ፣ በዚህ ብርድ ኮት ሳይደርብ ወደ ላሞቹ እየወጣ ያስቸግርሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። የላክሽልኝን የፒንያዎ ፍሬ በጨው ቀቅዬ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች አካፍያለሁ፤ ልጣጩ ጥፍሬን ጨረሰው እንጂ ጣዕሙስ የቤታችን ነው።

እትዬ፣ በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ ስለምልፈሰፈስ ነው። በፈጣን ፖስታ የላክሁትም ስለቸኮልኩ ነው። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በሜይ ወር ደውዬ «አገኘነው!» ብዬ የጮህኩብሽን ታስታውሻለሽ። እናታችንንም አክስታችንንም የወሰደው፣ አሁን ደግሞ አንቺን የያዘሽ ካንሰር ከአንድ ፕሮቲን ጉድለት እንደሚነሳ ነግሬሻለሁ። ሴሎቻችን እንዳይባልጉ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው፤ በእኛ ዘር ግን ወገቡ ጎብጧል። መድኃኒቱ ከጉብጠቱ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ገብቶ ሲደግፈው አየሁ አልኩሽ። አንቺም ጁን 25፣ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ማግስት ደውለሽ፣ «ቀዶ ጥገናውን ሰርዤዋለሁ፤ እህቴ መድኃኒት እየሠራችልኝ በቢላ ለምን እተለተላለሁ?» አልሽኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። «ደስታ አፍሽን ያዘው አይደል?» ብለሽ ሳቅሽብኝ።

መድኃኒቱ እዚያ አልነበረም፣ እትዬ።

እኛ ፕሮቲኑን በዓይናችን አናየውም። እንደ ጨው ቅንጣት፣ ክሪስታል እስኪሆን እናጠጥረውና ጨረር እንለቅበታለን። ኮምፒውተሩ የሚሰጠን ጉም የመሰለ ነገር ነው፤ በጉሙ ውስጥ ምን እንዳለ የምንሞላው እኛው ነን። ጎድጓዳዋ ውስጥ ትንሽ ጉም አየሁና መድኃኒቱን አስገባሁበት፤ ልክክ አለ። አንድ ጫፉ ወጣ ይል ነበር፤ እሱንም በግድ አጠፍኩት። ሳጥፈው አንቺን እያሰብኩ ነበር። የፈለጉትን ማየት የሙያችን ትልቁ ኃጢአት ነው እያልኩ ተማሪዎችን የምገሥጸው እኔው ነኝ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ።

እዚህ ክሪስታሎቹን የሚያቀዘቅዝልን ሴው ጄኒቫል የሚባል ሽማግሌ አለ። ቅዝቃዜው እንዳይሰነጥቃቸው እያንዳንዳቸውን አስቀድሞ ግሊሰሪን ውስጥ ይነክራቸዋል። እኔ ከችኮላዬ የተነሳ ለማነጻጸሪያ የሚሆን፣ መድኃኒት ያልነካው ክሪስታል ሳላይ ቀርቼ ነበር። እሱ ግን እንደ ልማዱ አንድ አስቀርቶ ኖሯል። በዚያው በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ ጠዋት የበቆሎ ፓሞንያ በሳህን ይዞልኝ መጣና፣ «ዶክተርዬ፣ መጀመሪያ ብዪ፤ ይሄ በባዶ ሆድ የሚታይ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ምስሉን ከፈተው። መድኃኒት ባልነካው ክሪስታል ውስጥ ያው ጉም እዚያው ቦታ ተቀምጧል። ግሊሰሪን ነው፣ እትዬ። እጅሽ ሲደርቅ የምትቀቢው ግሊሰሪን።

በመጨረሻ ትናንት ለአለቃዬ ለፕሮፌሰር ኢራሴማ ተናገርኩ። ጽሑፋችን አርብ ሊላክ ነበር። «እስቲ ሁለት ሳምንት ዝም በዪ፤ ሌላ ክሪስታል እንሞክር» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ይቆይ፤ እህቴ የላትም» አልኳት። ጮኸችብኝ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ጽሑፉን ሰረዝነው። ውሌ ኦገስት ላይ ያልቃል፤ የሚታደስልኝ አይመስለኝም። ይሁን። ደግሞም ያየሁት እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ ክኒን ሆኖ አንቺ እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ይፈጅ ነበር። ይህንንም ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አፈርኩ።

ዛሬ ጠዋት ኩሪቲባ፣ ሐኪምሽ ጋ ደውዬ አንቺ ነኝ አልኩ። ድምፃችን አንድ አይደል? ጸሐፊዋ፣ «እሜቴ፣ ባለፈው እኮ ቢላ አልይ ብለው ነበር» ብላ ቀለደችብኝ። ወዲያው ኮስተር አለችና፣ ሐኪሙ ስምሽ ከተሰረዘ ወዲህ ፋይልሽን እያወጣ እንደሚያይ፣ እብጠቱ እንዳይቀድመው መፍራቱን ነገረችኝ። ለቀዶ ጥገናው ሐሙስ ጁላይ 17 ይጠብቁሻል። እኔ በ15 በአውቶቡስ እመጣለሁ። ከቤት ብታባርሪኝ ከኦዳይር ላሞች ጋር አድራለሁ እንጂ ሐኪም ቤት ሳላስገባሽ አልመለስም።

ይቅርታሽን አሁን አልለምንም። በዚህ ወረቀት ላይ የጻፍኩልሽን ቀኖች ግን፣ አደራሽን፣ ድነሽ ከአልጋ እስክትነሺ ድረስ አትቁጠሪያቸው።

የአፓሬሲዳዋ እመቤታችን በመጎናጸፊያዋ ትሸፍንሽ፤ የሐኪሙን እጅ ትምራልሽ፤ ለእኔም የምትቆጪኝን እህቴን ታቆይልኝ።

ያን ዕለት አፏን ደስታ ያልያዘው
ታናሽ እህትሽ