ሰኮሩ ኬላ ላይ የነካችኝ እጅ

ጥቅምት 6 ቀን 1974
የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ደብተር አርሜ ጨረስኩ። የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ፤ የቀሚሴ ቁልፍ አልገጥም አለ። ሆዴ ጋ ቢሆን ምን ነበረበት... ደረቴ ጋ ነው።

ኅዳር 3
ጡቶቼ ማደግ አላቆሙም፤ ስቀመጥ ጭኔ ላይ ይተኛሉ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ያዣል። ይሸታል። የራሴን ሽታ ሸሽቼ የት ልግባ? ባሌ ኤርሲዶ እየጸለይኩልሽ ነው ይላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። የምትነካኝ ጎረቤቴ ዙሀራ ብቻ ናት። ለብ ባለ ውኃ እያጠበች "አብሽሪ" ትለኛለች።

ኅዳር 19
የጅማ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። ሰኮሩ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። የኮንትሮባንድ ቡና ፍተሻ። ሴቶች ቡና ገላቸው ላይ አስረው ያሳልፋሉና ፈታሿ ገና ስታየኝ ሳቀች። ክፍል አስገባችኝ።
"ስንት ኪሎ ነው?"
ጡት ነው አልኳት። የሐኪም ወረቀት ዘረጋሁላት፤ አላየችውም። እጇን ከትታ ጨመቀች። ቁስሉ ፈረጠ... መግሉ አንጓዋ ድረስ ወረደ። በነጠላዬ ጠረገችው። በኔው ነጠላ።
እሷ እኔን ተጸየፈች። እኔ እጇን። እስካሁን እላዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቱ።

ኅዳር 28
ቆረጧቸው። ሁለቱንም። ካልወጡ አንቺም ልጁም አትተርፉም ብሎኝ ነበር ሐኪሙ። አስራ አንድ ኪሎ መዘነ አለችኝ ነርሷ። ማን ጠየቃት?
ፋሻው ሲፈታ ደረቴን አየሁት... የተጣፈ ጆንያ። አስጠላኝ። ከወለድሽ በኋላ ተመለሺ፣ ከጀርባሽ ሥጋና ቆዳ ወስጄ ጡት እሠራልሻለሁ አለኝ ሐኪሙ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል።

የካቲት 21
ሴት ልጅ። ጠባሳዬን በአፏ ትፈልጋለች። ማየት አልቻልኩም። ዙሀራ ነጥቃኝ ከራሷ ልጅ ጋር አጠባቻት። "ከእንግዲህ ከኔ ሱሌይማን ጋር እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም" አለች።

ጥቅምት 12 ቀን 1975
ኤርሲዶ ልጅቷ እንደሆነ ጡጦ ለምዳለች፣ አሁን ጡቱ ለማን ነው አለኝ።
"ለኔ" አልኩት።

ጥቅምት 30
ተሠሩልኝ። ትንንሽ ናቸው፤ ቀኙ ዝቅ ይላል። ጀርባዬ ያቃጥለኛል። በገዛ እጄ ነካኋቸው... አልቀፈፈኝም።
ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ሰኮሩ ላይ የሆነውን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ። ያችው ፈታሽ ነበረች። እኔ ደግሞ ዙሀራ በሰፋችልኝ ጡት መያዣ ውስጥ በግራ በቀኝ አንዳንድ ኪሎ ቡና ሞልቻለሁ፣ ለሐኪሙ። እጇን ዘረጋች... ፊቴን አየች። እጇን ቶሎ ሰብስባ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ መግሉ አሁንም ያለበት ይመስል፤ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው።
"አንቺ ነሽ እንዴ... እለፊ፣ እለፊ።"
አለፍኩ። ብትጠይቀኝ ጡት ነው ልላት ነበር።