ካጠፉት በኋላ «ስህተት የለም» ስላለው መሣሪያ

ለክቡር ሚስተር ሮድኒ ቬነብልስ
የዋረካ መለኪያ መሣሪያዎች ፋብሪካ የደኅንነት ኃላፊ
አደላይድ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለልጆችዎ፣ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። የልጄን የሌይተንን አሟሟት የሚገልጸውን ባለ ሁለት ገጽ ሪፖርት ስለላኩልኝ፣ «በሠራተኛው ቸልተኝነት» የሚለውንም ለደካማ ዓይኔ አስበው በደማቅ ቀለም ስላጻፉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ምሳ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መልስ ለመስጠት የዘገየሁት ልጄ ይሠራበት የነበረውን የኤሌክትሪክ መስጫ መሣሪያ መመሪያ፣ ከመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያደረግሁ፣ አሥራ አንድ ሳምንት ሳነብ ስለቆየሁ ነው።

1ኛ. መመሪያው እንደሚለው ኮምፒውተሩ የሚልከው ትዕዛዝ ደንቡን ካልጠበቀ መሣሪያው አይፈጽመውም። ሁለት ትዕዛዞች በአንድ መስመር ተያይዘው ተልከው የፊተኛው ከተሳሳተ፣ የኋለኛውም አብሮ ይቀራል። መሣሪያው ስህተቱን በሆዱ ይይዛል እንጂ ካልጠየቁት አይናገርም። ሌይተን እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ይሄ ማሽን ቁርጥ አባዬን! ምን ሆንክ ካላሉት ትንፍሽ አይልም» እያለ ያስቀን ስለነበር፣ ደንቡን አያውቅም ነበር እንዳይሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

2ኛ. ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በኋላ «ስህተት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ መስመር በፕሮግራሙ ውስጥ ነበረ። እርስዎ አስወጡት። የሥራ ጓደኛው ዱሻን በቀብሩ ዕለት፣ «ግሌኒስ፣ በየፍተሻው አራት ደቂቃ ይበላል ብለው ነው። ሌይተን እንኳ ‹በአራት ደቂቃ ወዴት ልትደርሱ ነው?› ብሏቸው ነበር» አለኝ። በዚያው ሳምንት ትዕዛዞቹንም ሁለት ሁለቱን በአንድ መስመር አጣመሩ። ልጄ በሞተበት ማክሰኞ «ኤሌክትሪኩን አቋርጥ» የሚለው ትዕዛዝ የተሳሳተ ትዕዛዝ ተከትሎ ስለተላከ ቀረ። ማንም ስላልጠየቀ መሣሪያው ዝም አለ። ኮምፒውተሩ «ተቋርጧል» ብሎ አሳየ፤ ልጄም አምኖ ሽቦውን ያዘ። ስላተረፏት አራት ደቂቃ እንኳን ደስ ያለዎ።

3ኛ. ልጄ ከተወሰደ በኋላ መሣሪያውን አጥፍተው፣ መልሰው አብርተው፣ «ስህተት አለ?» ብለው ጠየቁት። «ስህተት የለም» አለ። ሪፖርትዎ የቆመው በዚህ መልስ ላይ ነው። መሣሪያው ሲጠፋ በሆዱ የያዘውን ሁሉ እንደሚረሳ መመሪያው ገጽ ሰማንያ ሦስት ላይ ይናገራል። ልጄ በሕይወት ሳለ የከለከሉትን ጥያቄ፣ መልሱን ካጠፉ በኋላ ስለጠየቁልኝ አመሰግናለሁ።

4ኛ. ይግባኝ ልል ብሄድ ማስረጃ አምጪ ይሉኛል። ማስረጃው መሣሪያው ውስጥ ነበር፤ መሣሪያው ረስቷል። ሌላ መሥሪያ ቤት ብሄድ የእርስዎን ሪፖርት አውጥተው ያነቡልኛል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የማንኳኳው በር ሁሉ መልሶ የሚያወጣኝ እርስዎ ቢሮ ነው። ካሳ አልጠየቅሁም። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ከልጄ ስም ላይ ይነሳልኝ። ከእርስዎ በቀር ሊያነሳው የሚችል የለም፤ እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት።

ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ ብቻ የእርስዎ ታዛዥ፣
ግሌኒስ ፓስኮ
የሌይተን እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያ «ስህተት አለ?» የሚለው መስመር እስከ ዛሬ ወደ ፕሮግራሙ እንዳልተመለሰ ሰምቻለሁ። በሌይተን ቦታ የተቀጠረችው ልጅ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው አሉ። ለእርስዎ በፖስታ መላክ ስችል ደብዳቤዬን በጋዜጣ ያወጣሁት የእናቷን አድራሻ ስለማላውቅ ነው።