ለጊደር ዋስ፣ ለልጅ አደራ

ሐምሌ 22፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ጭቃው እስከ ጉልበት። ወገቤ የእኔ አይደለም። የሩዙ አረም ገና ግማሹ ይቀራል፤ የቁሐር ሚካኤል ሜዳ ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል። ዛሬ የወንፈሉ ተራ የእኛ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ማሳ ላይ። ታናሽ እህቴ ጥሩዬ ስታርም ስትዘፍን ዋለች። ለምን እንደሆነ አሁን ነገሩኝ። ዐረብ አገር ልትሄድ ነው። ሙሉጌታ የሚባል የሐሙሲት ደላላ ፓስፖርቷን ወስዷል። እኔ ሳልሰማ! እኔ፣ እዚያ ሰው ቤት ስቃጠል የኖርሁት!

ደብተሬ፣ ተናድጃለሁ። ዛሬ ላንተ ብቻ ነው የምናገረው።

ሐምሌ 23፣ ጧት

አባባን ውሉ የታለ አልኋቸው። ደላላውን በነፍስ አባታችን በቄስ ታደሰ ፊት አደራ ብየዋለሁ፣ እንደ እህቴ አያታለሁ ብሏል አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ውሉ። አደራ ባሕር አይሻገርም ብላቸው ተቆጡ። ላንቺ ስላልሆነልሽ የእሷን እንጀራ አትዝጊ አሉ። ጥሩዬ ምቀኛ አለችኝ። ምቀኛ! ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ።

ሐምሌ 25

ሊዛ ትዝ አለችኝ። የፊሊፒንስ ልጅ ናት፤ እዚያ አንድ ቤት ነበር የምንሠራ። አሠሪያችን ማዳም የሁለታችንንም ስልክ ቀማችን፣ የእረፍት ቀን ከለከለችን። ሊዛ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ፣ በጎረቤት ሠራተኛ ስልክ ለኤምባሲዋ ደወለች። ውሏን በቃሏ ታውቀዋለች። በሳምንቱ የኤምባሲዋ ሰዎች መጥተው በሩን አንኳኩ። ማዳም ላብ አጠመቃት። ሊዛን ከነሻንጣዋ ወሰዷት።

እኔ ቀረሁ። አንድ ቤት፣ አንድ መጥረጊያ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝ። ስትሰናበተኝ፣ የሚጠይቅልን ያገኘነውም እንዲሁ አይደለም፣ እናቶቻችን አደባባይ ወጥተው ጮኸው ነው አለችኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

ሐምሌ 27፣ ከሰዓት

ገባኝ! አባባ አምና ጊደራቸውን ለርቢ ሲሰጡ፣ ጥጃውን ለመካፈል፣ ዋስ ጥራ ብለው ሰውየውን ሁለት ጊዜ መልሰውታል። ለጊደር ዋስ! ለጥሩዬስ ዋሷ ማነው?

ነገ ወንፈሉ አያ ደሴ ማሳ ላይ ነው። ደላላውም ሌሎች ልጆች ሊያነጋግር ይመጣል አሉ። ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ። የተቆጣ ይቆጣ።

ሐምሌ 28

ተናገርሁ! ምሳ ላይ፣ ሰው እግሩን ታጥቦ ሲቀመጥ። ሙሉጌታን ዋስ ጥራ አልሁት። ልጅቱ ብትመታ፣ ደሞዟን ብትከለከል፣ እዚህ የሚጠየቅልን ሰው ማነው? ሳቀ። ይህ የከብት ገበያ አይደለም አለ።

አባባ የጎረሱትን ዋጡና ቀና አሉ። «ለከብቱማ ትጠራ ነበር» አሉት። «በል፣ ዋስ ጥራ!»

እግዜር ዋሴ ነው አለ። ቄስ ታደሰ ደግሞ፣ የተጠየቅኸው የምድሩን ነው አሉት። ማን ዝም ይላል ከዚያ ወዲያ! ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ ጮኹበት። ፓስፖርቱን መልስ ሲባል፣ ወረታ ቢሮ ነው ያለው ብሎ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ጥሩዬ ስንመለስ ብቻዋን ከኋላ ነው የመጣችው።

ሐምሌ 29፣ ጧት 12 ሰ.

ወረታ ልንሄድ ነው። ሙሉጌታ ፓስፖርቱን እንቢ ካለ ፖ/ጣቢያ። አባባ አረሙ ይቆይ ብለው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። የልጆቻቸው ፓስፖርት እሱ ዘንድ ያለባቸው ሁለት እናቶችም መንገድ ላይ ይጠብቁናል።

ጥሩዬ አሁንም መሄዴ አይቀርም ትላለች። ትሂድ! ማን ያዛት? ግን በሕጉ መንገድ፣ ውሏን በእጇ ይዛ፣ የሚጠይቅላት ኖሮ። ይህንኑ ነገርኋት።

ይኸው አሁን ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ፓስፖርቱ የእኔ ነው፣ አፍ አውጥቼ የምጠይቀው እኔው ነኝ፣ እናንተ ከኋላዬ ቁሙ ትላለች። ፍጠኝ እያለችኝ ነው። እሺ፣ መጣሁ!