አያ ካሣ ላይ የተላከከው ጥፋቴ

ለውድ እህቴ ለሙሉወርቅ፦

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናታችንን ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ፣ ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አካሌን ማለቴ ነው እንጂ ልቤስ ደህና አይደለም።

የአገር ቤት ጎረቤታችን አያ ካሣ እኔ በምሠራበት በነጋዴዋ በናጂያ ቤት ዘበኛ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። እኔ ደግሞ አልጋ የያዙ አማቷን አጸዳለሁ። ናጂያ ለዚሁ ብላ ከሱቋ እርጥብ መጥረጊያ ሰጠችኝ፤ እዚህ ገዳሪፍ ማንዲል ይሉታል፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ነገር ነው። «በከረጢት ቋጥረሽ ከቆሻሻው ጋር አውጪ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን የአሮጊቷን ገመና ሰው እንዳያየው ብዬ፣ እውነቱን ካወራን ደግሞ ከረጢቱን አንጠልጥሎ መውጣቱ አሳፍሮኝ፣ ሽንት ቤት እየጨመርኩ ውሃ ደፋሁበት። ወረቀት ነው፣ ይሟሟል አልኩ።

ሐምሌ ላይ ቧንቧው ተደፍኖ ግቢው ገማ። ሁሉም ወደ አያ ካሣ ዞረ። እንደ አገር ቤት በድንጋይና በጨርቅ ይጠራርጋሉ እየተባሉ ይታሙ ነበርና። ናጂያም «ከእንግዲህ ሜዳ ይውጡ» አለቻቸው። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ሲወጡ እያየሁ ዝም አልኩ። እንጀራዬን ፈራሁ፣ እህቴ። አሥራ አንድ ቀን ችለው «በስተርጅና ከመዋረድ አገሬ ይሻለኛል» ብለው ሥራውን ለቀቁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ፤ የእኔማ ከጉድጓድ ወጣ። ትናንት ቧንቧ ጠራጊ መጥቶ ቢከፍተው ድንጋይም ጨርቅም የለ። የእኔው ማንዲል ነው፣ ሳይበሰብስ፣ በጠራጊው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ የወጣው። ናጂያ እግር ሥር ወድቄ ተናገርኩ። «እሳቸው ይቅር ካሉሽ ተመልሰው ሁለታችሁም ሥሩ፤ አለዚያ አንቺም ሂጂ» አለችኝ። ማንዲሉን አሁን እየቋጠርኩ አወጣለሁ፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ከረጢት ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ዛሬ ጠዋት ልነግራቸው ማደሪያቸው ሄድኩ። አገር ቤት ለመግባት ጓዛቸውን እየሸከፉ ነበር፤ ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው «ልጄ፣ ለእናትሽ የምትልኪው አለሽ ወይ?» አሉኝ። የሄድኩበትን ትቼ «ደብዳቤ አለኝ» ብዬ ተመልሼ ይህን መጻፍ ያዝኩ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ባንታምላክን ሰላም በይልኝ፣ ትንሿን ሃናንም አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ይህን ወረቀት ያመጡልሽ አያ ካሣ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩምና ምን እንደተሸከሙ አያውቁም። እግራቸውን አጥበሽ አረፍ ሲሉ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ከላይ ጀምረሽ አንብቢላቸው።

እህትሽ ደብሪቱ
ገዳሪፍ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2004 ዓ.ም.